ታይሚንግ በጆሮ አይገጠምም

በነቀምቴና በዙሪያዋ ባሉ የወለጋ ከተሞች አንድን መካኒክ ማሞገስ የፈለገ ሰው «ጆሮ አለው» ይላል። ከዚህ በላይ ሙገሳ የለም። ሰውየው ሞተሩ ሲነሳ ራሱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ የናፍጣ ፓምፑን ወይም ዲስትሪቡተሩን ገፋ መለስ ያደርጋል፤ ድምፁ ሲለሰልስለት ቡሎኑን ያጠብቃል፤ አለቀ። ዙሪያውን የቆሙት ሾፌርና ረዳት በአድናቆት ይተያያሉ። «እሱ እኮ ምልክት አይፈልግም» ይባልለታል። ፑሊ ጠርጎ፣ መብራት ይዞ፣ ምልክት ፈልጎ የሚሠራው ግን ገና እጁ እንዳልበሰለ ይቆጠራል።

እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። የታይሚንግ ቺንጋ ሲቀየር ጆሮ ዳኛ ሊሆን አይገባም። ጆሮ የሚሰማው የእሳቱን ወይም የናፍጣውን ሰዓት እንጂ የቫልቮቹን ሰዓት አይደለም። ስለዚህ በጆሮ «የተስተካከለ» ሞተር ብዙ ጊዜ ስሕተቱ የተሸፈነለት እንጂ የታረመለት አይደለም። ለዚህ ሽፋን ደግሞ ባለመኪናው ወር በወር በነዳጅ፣ አንድ ቀን ደግሞ በሞተር ይከፍላል።

በመጀመሪያ ለተቃራኒው ወገን የሚገባውን እንስጥ። የጆሮ እምነት ከሜዳ የበቀለ አይደለም። የዛሬዎቹ አንጋፋ መካኒኮች እጃቸውን ያፍታቱት በቮልስዋገንና እሱን በመሰሉ አሮጌ ሞተሮች ላይ ነው። የቮልስ ካምሻፍት ከክራንክሻፍቱ ጋር በጥርስ ተነካክሶ ይዞራል፤ የሌሎቹ አብዛኞቹ በጥርስ ወይም በካቴና ነበር። በላስቲክ ቺንጋ ካምሻፍት የሚያዞር መኪና ለገበያ መቅረብ የጀመረው በፈረንጆች 1962 ግላስ 1004 በተባለው የጀርመን መኪና ነው፤ ወደ እኛ ጋራዥ የደረሰው ደግሞ ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። እስከ ዛሬ የወለጋን እህልና ቡና የሚጭነው አይሱዙ ኤንፒአር እንኳ የታይሚንግ ቺንጋ የለውም፤ ካምሻፍቱ በጥርስ ነው የሚዞረው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ካምሻፍቱ አንዴ በትክክል ከተገጠመ ለዓመታት ከቦታው ንቅንቅ አይልም። መካኒኩ በየቀኑ የሚነካካው ካርቡሬተሩን፣ ዲስትሪቡተሩንና ፓምፑን ነው። እነዚህን በጆሮ ማስተካከል ይቻላል፤ ስሕተቱ ቀስ በቀስ የሚሰማ፣ ቢበዛም ወዲያው የሚመለስ ነውና። ጆሮው አልዋሸም። ያደገው ግን ካምሻፍቱ በማይንቀሳቀስበት ዓለም ነው።

ባለ ላስቲክ ቺንጋዎቹ ዶልፊንና አባዱላ ሚኒባሶች፣ ላንድክሩዘሩና ኮሮላው ሲመጡ ያ ዓለም ተለወጠ፤ ልማዱ ግን አብሮ አልተለወጠም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአራት ምት ሞተር ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ክራንኩ ላይ ያለው ጥርሳም ፑሊ 24 ጥርስ ካለው የካምሻፍቱ 48 ይኖረዋል ማለት ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ያ ጥርሳም ቺንጋ ብቻ ነው። በዚህ ምሳሌ ቺንጋው አንድ ጥርስ ብቻ ተዛንፎ ቢታሰር ቫልቮቹ ከፒስተኑ አንጻር 15 የክራንክ ዲግሪ ቀድመው ወይም ዘግይተው ይከፈታሉ። በደቂቃ 3,000 ዙር በሚዞር ሞተር 15 ዲግሪ ማለት ከአንድ ሺህኛ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ነው። ያን ታህል ቅንጣት ጊዜ ግን ለሞተሩ ብዙ ናት። የመግቢያው ቫልቭ ዘግይቶ ከተዘጋ ሲሊንደሩ የሳበውን አየር መልሶ ይተፋል፤ ኮምፕሬሽን ይወርዳል፤ ጉልበት ይጠፋል። መኪናው ግን ይነሳል፤ ቆሞ ሲሠራም ድምፁ ብዙም አያስጠላም። ጆሮ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

ከመሸነፍ የባሰውም አለ፤ ጆሮ አታላይ የሚሆንበት ቦታ። 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ያለውን የድሮ ኮሮላ እንውሰድ። በዚህ ሞተር ዲስትሪቡተሩ የሚዞረው በካምሻፍቱ ጫፍ ነው። ካምሻፍቱ አንድ ጥርስ ከተዛነፈ እሳቱም አብሮ ይዛነፋል፤ መኪናው ያኮርፋል፣ ይንቀጠቀጣል። መካኒኩ ይህን ይሰማል፤ እውነትም ጆሮ አለው። ከዚያ ዲስትሪቡተሩን እስኪለሰልስ ድረስ ያዞረዋል። እሳቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። የታይሚንግ መብራት ያለው ጋራዥ እንኳ ሆኖ ቢያበራበት፣ ክራንኩ ፑሊ ላይ የሚነበበው የእሳት ዲግሪ ልክ ሊመስል ይችላል። ቫልቮቹ ግን እንደተዛነፉ ናቸው። መካኒኩ የሰማውን በሽታ አዳነ፤ ያልሰማውን ትቶት ወጣ፤ ይባስ ብሎ በሽታውን የሚናገረውን ምልክት አጠፋው። ከዚህ በኋላ ያን መኪና የሚያየው ሁለተኛ መካኒክ «እሳቱ ደህና ነው» ብሎ ወደ ኢንጄክተሩ ወይም ወደ ካንዴላው ይሄዳል። ባለመኪናው ካንዴላ ይገዛል፤ ፊልትሮ ይገዛል፤ ነገሩ ሁሉ ይቀየራል፣ ያቺ አንድ ጥርስ ብቻ ትቀራለች።

በናፍጣውም ያው ነው። በነቀምቴ መናኸሪያ የሚመላለሱት የቶዮታ ሚኒባሶች ብዙዎቹ 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር የነበራቸው ወይም ያላቸው ናቸው። በእነዚህ ላይ ያው አንድ ቺንጋ ካምሻፍቱንም የናፍጣ ፓምፑንም ያዞራል። ክራንኩ አንድ ጥርስ ተስቶ ከታሰረ ሁለቱም አብረው ይዛነፋሉ። ሞተሩ ሲነሳ ወይ እንደ መዶሻ ያንኳኳል፣ ወይ ነጭ ጭስ ይተፋል። ባለ ጆሮው መካኒክ የፓምፑን ቡሎኖች አላልቶ ፓምፑን ወደ ሞተሩ ወይም ከሞተሩ ያጋድለዋል። ማንኳኳቱ ቀነሰ፤ ጭሱ ጠፋ፤ ሁሉም ተደሰተ። ያው ማታለል ነው፦ ናፍጣው ታረመ፣ ቫልቭ ቀረ። ይህን ለመያዝ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ፓምፑ ወይም ዲስትሪቡተሩ የታሰረበትን ረዘም ያለ ቀዳዳ እዩ። ቡሎኑ ከቀዳዳው መሐል አካባቢ ከሆነ መልካም። እስከ መጨረሻው ጫፍ ተገፍቶ ከታሰረ ግን አንድ ሰው ከሥር ያለን ስሕተት ከላይ ሲሸፍን ነበር ብላችሁ ጠርጥሩ።

አሁን ሥራው ሲሠራ ቀረብ ብለን እንየው። ወደ ጊምቢ በሚወስደው መውጫ ካሉት ጋራዦች በአንዱ ደጅ አንድ ሚኒባስ ቆሟል እንበል። ራዲያተሩ ወርዷል፣ የፊት ሽፋኑ ተፈቷል፣ የሽፋኑ ቡሎኖች በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ተጥለዋል። የጋራዡ ልጅ አሮጌው ቺንጋ ላይና ፑሊዎቹ ላይ በነጭ ቀለም ሦስት መስመር ያሰምራል። ቺንጋውን ያወርድና ከአዲሱ ጎን አጋድሞ ጥርሱን እየቆጠረ መስመሮቹን ይገለብጣል። ከዚያ አዲሱን መስመር በመስመር ገጥሞ ይከታል። ወጣሪውን ኩሽኔታ በካቻቪቴ ገፍቶ ያጠብቃል። «አንሳው!» ይላል። ሞተሪኖው ይጮኻል፤ ሞተሩ ይነሳል፤ አለቃው ከጥላ ሥር ሆኖ ያዳምጥና አንገቱን ይነቀንቃል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያሉትን ጥፋቶች አንድ በአንድ እንቁጠር። የመጀመሪያው ቀለም መገልበጡ ነው። ቀለሙ የሚገለብጠው ትክክለኛውን ታይሚንግ ሳይሆን የነበረውን ታይሚንግ ነው። መኪናው ከጃፓን ወይም ከዱባይ ከመጣ በኋላ ስንት እጅ እንደነካው ማን ያውቃል? ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ ሰው አንድ ጥርስ ስቶት ከሆነ፣ የዛሬው ልጅ ያችን ስሕተት በነጭ ቀለም አድምቆ ለሚቀጥለው አወረሳት። ፋብሪካው ፑሊው ላይ ያስቀረጸው ጭረትና ነጥብ ግን የማንንም ስሕተት አይወርስም። ቺንጋው ተበጥሶ የመጣ መኪና ሲገጥም ደግሞ የሚገለበጥ ነገር ጭራሽ የለም፤ በቀለም ብቻ የሠለጠነ ሰው ያኔ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ከዚያ በጆሮ መገመት ይጀመራል።

ሁለተኛው ጥፋት ቺንጋው ከገባ በኋላ ሞተሩን በእጅ አለማዞሩ ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ ክራንኩን በፑሊው ቡሎን ላይ ቁልፍ አግብቶ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ በዝግታ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር፤ ከዚያ የፑሊዎቹን ምልክቶች እንደገና ማየት። ሁለት ዙር የሆነው ካምሻፍቱ አንድ ሙሉ ዙር ጨርሶ ወደ ቦታው እንዲመለስ ነው። በመሐል ክንድ ጠንካራ ነገር ከተሰማው ያ ፒስተን ከቫልቭ ጋር መገናኘቱ ነው፤ ያኔ ማቆም፣ መመለስ፣ መፈተሽ። በእጅ የተያዘ ሞተር ቫልቭ አያጣምም፤ በሞተሪኖ የተነሳ ያጣምማል። እዚህ ላይ ቀለም ለማመን የለመደ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ፦ ሁለት ዙር ሲዞር ቺንጋው ላይ የተቀባው ቀለም ከፑሊው ቀለም ጋር አይገጥምም። መግጠምም የለበትም። የቺንጋው ጥርስ ቁጥርና የፑሊው ጥርስ ቁጥር ስለሚለያይ የቺንጋው መስመር ወደ ቦታው የሚመለሰው ከብዙ ዙር በኋላ ነው። የሚታየው የፑሊው ምልክት ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ትክክለኛውን ሥራ ተሳስቻለሁ ብሎ ይፈታዋል።

ሦስተኛው ወጣሪውን በካቻቪቴ ገፍቶ ማጠንከሩ ነው። በብዙዎቹ የቶዮታ ሞተሮች ወጣሪው ኩሽኔታ የራሱ ሞላ አለው። ቡሎኑን አላልተው ሞላው ራሱ እንዲስበው ይተዋል፤ ሁለት ዙር ካዞሩ በኋላ ያጠብቃሉ። በጉልበት ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ ኩሽኔታውን ይበላል፤ የላላ ደግሞ በብርድ ጠዋት ሞተር ሲነሳ ጥርስ ይዘላል። ለዚህ ጉልበተኛ ክንድ አይፈለግም። የሚፈለገው ትዕግሥት ነው።

አንዳንዱ መካኒክ ደግሞ «ምልክቱ ጠፍቶ ነው» ይልና በካንዴላው ወይም በኖዝሉ ቀዳዳ ሽቦ ሰድዶ የፒስተኑን ጫፍ ይፈልጋል። ሽቦው ወደ ላይ መውጣቱን ሲያቆም «ይኸውና ላይ ነው» ይላል። ይህም ጆሮ በሚሠራበት መንገድ ዓይንን ማመን ነው። ፒስተን ላይኛው ጫፉ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ቆሞ ያለ እስኪመስል ድረስ። የ2ኤል ሞተር ፒስተን 92 ሚሊሜትር ይመላለሳል፤ ሆኖም ከጫፉ 10 ዲግሪ ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል የሚንቀሳቀሰው ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። በሽቦ ይህን ልዩነት ማን ያያል? አንድ ጥርስ መሳሳት ወደ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ የምትጠጋ ልዩነት ናት። ሽቦ ፒስተኑ አካባቢው ላይ መሆኑን ይናገራል፤ ቁርጡን የሚናገረው የፑሊው ጭረት ነው። ጭረቱ በቅባትና በአቧራ ከተሸፈነ መድኃኒቱ ጨርቅና ትንሽ ናፍጣ ነው።

ጊምቢ ላይ «ለቀምት» በሚል ስም ዓለም የሚያውቀውን ቡና ለሽያጭ ያቀረበ ገበሬ፣ ነጋዴው ጆንያውን በእጁ ከፍ አድርጎ «ይህ ስድሳ ኪሎ ነው፣ እኔ እጄ ያውቃል» ቢለው ጆንያውን ይዞ ይመለሳል። ሚዛን ላይ ያውጡት ይላል። ያው ሰው ግን በሚቀጥለው ሳምንት የልጆቹን እንጀራ የሚጋግርለትን መኪና ለጆሮ ይሰጣል። የነጋዴው እጅ አያጭበረብርም ብለን እንኳ ብናምን፣ እጅ ሚዛን አይደለም። ጆሮም የዲግሪ መለኪያ አይደለም።

ለወለጋ ይህ ነገር ከሌላው አገር የከፋበት ምክንያት አለ። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሞተር ሁሉ በጤናውም ትንሽ ጉልበት ያጣል፣ ናፍጣውም ትንሽ ያጨሳል። መንገዱም ምሕረት የለውም። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚሄድ መኪና ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርድና ከዚያ ዳገቱን ይወጣል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ከ320 ኪሎሜትር በላይ ተጉዞ፣ ባኮ ቆላ ወርዶ፣ እንደገና ሽቅብ ይያያዘዋል። አንድ ጥርስ የተሳሳተ ሞተር ሜዳ ላይ ጉድለቱን ይደብቃል፤ ከዴዴሳ ሲወጣ ግን ይጋለጣል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ይሞቃል፣ ማርሽ ይለምናል። ያኔ የሚሰጠው መልስ ዝግጁ ነው፦ «ከፍታው ነው»፣ «ናፍጣው ውሃ አለው»፣ «ብዙ ሰው ጭነሃል»። ሁሉም ምክንያቶች እውነት ሊሆኑ ስለሚችሉ የታይሚንጉ ስሕተት በእነሱ መሐል ተሸሽጎ ይኖራል። ከፍታው ግን የነቀምቴን መኪና ሁሉ እኩል ነው የሚመለከተው። ከጎንህ ያለው ተመሳሳይ ሞተር፣ ተመሳሳይ ጭነት ይዞ በሦስተኛ ማርሽ ሲወጣ አንተ በሁለተኛ የምትጮኽ ከሆነ ከፍታውን አትክሰስ።

ሁለተኛው የተስፋፋ እምነት «ካልተበጠሰ አትንካው» የሚለው ነው፤ ይህም የጆሮ እምነት ወንድም ነው። ድምፁ ደህና ከሆነ ቺንጋውም ደህና ነው ይላል። ቺንጋ ግን ሲደክም አይጮኽም። ከውጭ ላስቲክ ነው፤ ጉልበቱን የሚይዙት በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የመስታወት ክሮች ናቸው። ሙቀትና ዕድሜ ላስቲኩን ያደርቁታል፤ ከክራንክ ወይም ከካም ፓራዎሊ የሚንጠባጠብ ዘይት ያበሰብሰዋል፤ ክሮቹ በዝምታ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። የመጨረሻው ሲበጠስ ቅድመ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ለዚህ ነው ፋብሪካው በኪሎሜትር የሚወስነው፤ በብዙዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች 100,000፣ በአንዳንዶቹ 150,000 ኪሎሜትር። ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው የታይሚንግ ቺንጋ መብራትም ኪሎሜትር ነው የምትቆጥረው እንጂ ቺንጋውን አታየውም። ቺንጋው ሳይቀየር መብራቷን ብቻ ማጥፋት ራስን ማታለል ነው። ኪሎሜትሩ ወደ ኋላ የተመለሰ መኪና የገዛ ሰው ደግሞ በመብራቷ እንኳ ሊመካ አይችልም፤ ለእሱ የሚሻለው መኪናውን በገዛበት ሳምንት ቺንጋውን ቀይሮ ቀኑንና ኪሎሜትሩን ሽፋኑ ላይ መጻፍ ነው።

«የእኔ ኮሮላ ቺንጋዋ ተበጥሶ ምንም አልሆነችም» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው። 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ቺንጋው ቢበጠስ ፒስተኑና ቫልቩ እንዳይገናኙ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ አዲስ ቺንጋ ያስገቡለትና ይሄዳል። ችግሩ የኮሮላው ዕድል ለሚኒባሱም ምስክር ተደርጎ መቅረቡ ነው። የናፍጣ ሞተር አየሩን ከሃያ እጥፍ በላይ ጨምቆ ስለሚሠራ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከቴስታታው ጋር የሚኖረው ክፍተት አንድ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ክፍት ሆኖ የቀረ ቫልቭ ማምለጫ የለውም። ቺንጋ ሲበጠስ ቫልቭ ይጣመማል፣ አንዳንዴ ፒስተን ይበሳል፣ ቴስታታ ይወርዳል፣ ሞተር ይወርዳል። በኮሮላ የተማረውን ትምህርት ለሚኒባስ ያዋለ ሰው ትምህርቱን ደግሞ ይከፍልበታል።

ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። የመጀመሪያው፦ «ጊዜ የለም፤ መኪናው ተራ ላይ ነው» የሚለው ነው። ሾፌሩ መካኒኩ ራስ ላይ ቆሞ ያጣድፋል፤ የዛሬ ገቢ እንዳታልፈው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው። ምልክት መጥረግ፣ ሁለት ዙር ማዞርና እንደገና ማየት ከግማሽ ሰዓት የበለጠ አይወስድም። ዴዴሳ ሸለቆ ውስጥ ቺንጋ የጣለ መኪና የሚያስቆመው ግን ግማሽ ሰዓት አይደለም፤ ቦታ መርጦ ማደርም በማይቻልበት መንገድ ላይ ተሳፋሪ ይዞ ነው የሚቆመው።

ሁለተኛው፦ «መሣሪያ የለንም፤ ይህ የአዲስ አበባ ትልልቅ ጋራዥ ሥራ ነው» የሚለው ነው። ይህ ሰበብ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጨርቅ፣ ናፍጣ፣ የስልክ መብራት፣ ለክራንኩ ቡሎን የሚሆን ቁልፍና ሁለት ዓይን ነው። አንድ ቶርክ ሬንች ለጋራዡ ሁሉ ይበቃል። እንደ ላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ ባለ ሞተር ላይ ሥራው ጭራሽ ይቀላል፦ ቺንጋው ከክራንኩ ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ ከፓምፑ ማዞሪያ ፑሊ ተነስቶ ካምሻፍቱን ብቻ ያዞራል፤ የሚገጠሙት ምልክቶች ሁለት ናቸው፤ ፊት ለፊት ይታያሉ። ሁለት ምልክት ማየት ያቃተው ሰው ጆሮው ምን ያህል ቢሳል ምን ይረባል? የምልክቶቹ ሥዕል ያለበት የቶዮታ ማኑዋልም ዛሬ በማንኛውም ወጣት ስልክ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ጽሑፉን ያልቻለ ሥዕሉን ያያል።

ሦስተኛውና ጠንካራው ተቃውሞ፦ «እኔ ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ፤ ማንም ተመልሶ አልመጣብኝም» የሚለው ነው። ማን ይመለሳል? መኪናው ሲያጨስ ከፍታው ይከሰሳል፤ ነዳጅ ሲጠጣ ማደያው ይከሰሳል፤ ሞተሩ ከስድስት ወር በኋላ ሲወርድ ዕድሜው ይከሰሳል። በጆሮ የሠራ መካኒክ ጥፋቱ ወደ እሱ የማይመለስበት ሥርዓት ውስጥ ነው የሚኖረው። ሰው አልተመለሰም ማለት ሥራው ትክክል ነበር ማለት አይደለም። ከእኔ መኪና ጋር የሚመሳሰል ሞተር ከእኔ ያነሰ ሲጠጣ፣ ከእኔ በተሻለ ሲወጣ ማየት ነው ምስክሩ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጆሮ ይጣል አልልም። ምልክቱ ከተገጠመና ሁለት ዙሩ ከታየ በኋላ ጆሮ ትልቅ ሥራ አለው። ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ ሲያፏጭ፣ የላላ ኩሽኔታ ሲንጫጫ፣ ኖዝል ሲያንጠባጥብ የሚለየው ያ የተፈተነ ጆሮ ነው። ክርክሬ ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ምልክት ይፈርዳል፣ ጆሮ ይመሰክራል። በአዳዲሶቹ ሞተሮች ደግሞ ይህ ቅደም ተከተል ምርጫ መሆኑ ቀርቷል። ዲስትሪቡተር የለም፤ በእጅ የሚዞር ነገር የለም፤ ኮምፒውተሩ ክራንኩንና ካሙን በሴንሰር እያነጻጸረ፣ አንድ ጥርስ ከሳቱ መብራት ያበራል፣ «ፒ 0016» ብሎ ይጽፋል። እዚያ ላይ ጆሮ የሚገፋው ነገር አያገኝም።

ሙያን ለትውልድ ስለማስተላለፍም ይህ ክርክር ይመለከተናል። ጆሮን ማስተማር አይቻልም። አለቃው «ስማው» ይላል፤ ልጁ ይሰማል፤ ምን እንደሚሰማ ግን ማንም አልነገረውም። ስለዚህ ዓመታት በቁልፍ አቀባይነት ያሳልፋል። ምልክት ግን በአንድ ከሰዓት ይማራል፤ ለምን ሁለት ዙር እንደሆነ፣ ለምን የቺንጋው ቀለም እንደማይመለስ በአንድ ቀን ይገባዋል። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወጥቶ ጋራዥ የሚቀጠር ልጅ ማኑዋል ሲከፍት «የወረቀት መካኒክ» ተብሎ ሲሣቅበት፣ የሚሣቀው በእሱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሙያው ከአንድ ሰው ጆሮ ወጥቶ የሁሉም እንዳይሆን ነው የሚሣቀው። አለቃው ሲሞት ጆሮው አብሮት ይቀበራል፤ ምልክት የማንበብ ልማድ ግን ጋራዡ ውስጥ ይቀራል።

ጊዜውም ቸልታን የሚሸከም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ቫልቭም ፒስተንም ጋስኬትም በአዲስ ዋጋ ነው የሚገዛው። ኤሌክትሪክ መኪና ቺንጋ የለውም፤ እሱ ግን ከነቀምቴ ወደ ደምቢ ዶሎ ተሳፋሪ የሚያመላልስበት ቀን ገና ነው። እስከዚያ ድረስ ወለጋን የሚያንቀሳቅሱት አሁን በእጃችን ያሉት አሮጌ ሞተሮች ናቸው። ተተኪ የለም ተብሎ የተያዘ ሞተር በግምት አይነካም።

ስለዚህ ለባለመኪናው የምለው ይህ ነው። ቺንጋ ልታስቀይር ስትሄድ የመካኒኩን ዝና ትተህ ሦስት ነገር ጠይቅ። አሮጌው ቺንጋ ከመውረዱ በፊት የፋብሪካው ምልክቶች የት እንዳሉ ያሳይህ፤ ተስተው ከሆነ ያኔ ነው የሚታወቀው። አዲሱ ከገባ በኋላ ሽፋኑ ሳይዘጋ፣ ሞተሪኖ ሳይነካ፣ ክራንኩን በእጁ ሁለት ዙር ያዙርልህና ምልክቶቹ ሲገጥሙ በዓይንህ እይ፤ በስልክህም ፎቶ አንሳቸው። በመጨረሻ የፓምፑ ወይም የዲስትሪቡተሩ ቡሎን በቀዳዳው ውስጥ የት ላይ እንደታሰረ ተመልከት። «ኦቦ፣ እኔን አታምነኝም ወይ?» ካለህ፣ «አንተን አምናለሁ፤ ምልክቱን ግን አሳየኝ» በለው። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይቆጣም፤ ሥራው ታይቶለት ስለማያውቅ ደስ ይለዋል። የተቆጣና ሽፋኑን ለመዝጋት የቸኮለ ግን የሚሸፍነው ነገር አለው፤ ለእሱ የያዝከውን ገንዘብ ኪስህ ውስጥ መልሰህ ወደሚቀጥለው ጋራዥ ሂድ።